ጋራዡ ቱርቦ ቀይር ይለኛል፣ ግን ከተቀየረ ገና 8 ወሩ ነው!! ልግዛ ወይስ ልመርምር?

አቀበት_አልወድም፦
ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። መኪናዋ 2.5 ሊትር ናፍጣ ናት፣ ማኑዋል፣ 240 ሺህ ኪሎሜትር ሄዳለች፣ ቱርቦዋ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ክንፎቹ የሚከፈቱ የሚዘጉት ዓይነት ሆኖ በቫኪዩም፣ ማለትም በአየር መምጠጥ ነው የሚታዘዘው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከታች ስትነሳ ጉልበት የላትም፣ ከ2000 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) በታች ሙት ናት፣ ረጅም አቀበት ላይ አጥብቄ ስረግጥ ደግሞ ጥቁር ጭስ ትለቅና ድንገት ልፍስፍስ ትላለች፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ከዛ በኋላ ብረግጥም ባልረግጥም ያው ነው ከ3000 አታልፍም። ጥግ ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች፣ እስከሚቀጥለው አቀበት። ኮዱ ፒ0299 ነው።
በዛ ላይ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ አለ፣ ዘይትም ትጠጣለች፣ በ1500 ኪሎሜትር 1 ሊትር ገደማ እጨምራለሁ።
የሚያናድደው ቱርቦው ከተቀየረ 8 ወሩ ነው፣ ያኔም ምክንያቱ ይሄው ነበር። የቀየሩልኝ ጋ ስወስዳት ከፊልትሮ የሚመጣውን ቱቦ ፈቱና ውስጡ ያለውን ዘይት በጣት ነክተው አሳዩኝ፣ ከዛ የቱርቦውን ፋን ዘንግ ያዝ አርገው ወዘወዙና "ይኸው ሞቷል" አሉኝ። እውነትም ይወዛወዛል። በዚህ ዓይነት በየ8 ወሩ ቱርቦ ስገዛ ልኖር ነው?

ዳዶ_ፈቺ፦
ወንድሜ አትድከም። ዘይት መትፋት የጀመረ ቱርቦ አይመለስም፣ ዘንጉ ከተወዛወዘ ደግሞ በቃ። ያኔ የገጠሙልህ ጥራት የሌለው ይሆናል። ደህናውን ግዛና ተገላገል፣ ስታመነታ ሞተሩንም ይዞብህ ይሄዳል።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
ልጄ እንዳትገዛ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።
የአየር ቱቦ ውስጥ ዘይት ማየት ለብቻው ምንም አይነግርህም። የሞተሩ መተንፈሻ የሚያወጣው የዘይት ተን የሚገባው እኮ እዛው ቱቦ ላይ ነው፣ ከቱርቦው በፊት፣ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ላይም ስስ ዘይት ታያለህ። ኩሬ ሰርቶ ካገኘኸው ሌላ ነገር ነው።
መወዛወዙም እንደዛው። የብዙ መኪና ቱርቦ ኩሽኔታ ኳስ የለውም፣ ተራ ቀለበት ነው፣ ዘንጉ የሚንሳፈፈው ዘይት ላይ ነው። በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ብረት ለብረት ተነካክቶ የትም አይደርስም። ሞተሩ ሲጠፋ ያ ዘይት ስለሚወርድ ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ ተፈጥሮው ነው። አንተ እንዲህ አርግ፣ ወደ ጎን ገፍተህ ይዘህ አዙረው፣ ፋኑ ግድግዳውን ይነካል ወይ? ከዛ ደግሞ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ግፋው ሳበው፣ በዚህኛው በኩል ለእጅህ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ያኔ አልቅስ። የፋኑንም ጫፍ በባትሪ እየው፣ ተቧጭሮ ወይ ተበልቶ እንደሆነ።
አንድ ጥያቄ ደግሞ፣ ያኔ ቱርቦው ሲቀየር ዘይት የሚያመጣለትና የሚመልስለት ቱቦ አብሮ ተቀይሯል? ወይ ቢያንስ ተፈቶ ታጥቧል?

ላይቭ_ዳታ_ብቻ፦
ከጋሼ ጋር ነኝ። ፒ0299 ቱርቦው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ "የጠየቅኩትን ያህል አየር አላገኘሁም" ነው የሚልህ። ለምን እንዳላገኘ እሱም አያውቅም። የተቀደደ ቱቦ ይሆናል፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ይሆናል፣ ቫኪዩም፣ ሶሌኖይድ (በኮምፒውተሩ ትዕዛዝ ቫኪዩሙን የሚከፍት የሚዘጋው)፣ የተጣበቁ ክንፎች፣ ክፍት የቀረ ኢጂአር (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ)፣ የታፈነ ማርሚታ፣ የሚዋሽ ሴንሰር... ቱርቦው ራሱ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ብቻ ነው።
ስካነር ካለህ ወይ መዋስ ከቻልክ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና የማኒፎልድ (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር) ግፊትና የከባቢ አየር ግፊት ስንት እንደሚሉ ጻፍ፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከዛ ባዶ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ1500 እስከ 3500 ሙሉ ርገጥ፣ ስክሪኑን የሚያይልህ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ አንተ መንገድህን እይ። የተጠየቀው ግፊት፣ የተገኘው ግፊት፣ የሶሌኖይዱ ትዕዛዝ በፐርሰንት፣ ሶስቱን ላክ።

አቀበት_አልወድም፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉኝ አየሁት፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ንቅንቅ አይልም፣ ወደ ጎን አለ ግን ግድግዳውን አይነካም፣ ፋኑ ላይ ጭረት የለም። ቱቦዎቹ መቀየራቸውን አላውቅም፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ቱርቦና ጋስኬት ብቻ ነው።
ዳታው ይኸው፣ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ሁለቱም 79 ኪሎፓስካል ይላሉ። 100 መሆን አለበት ሲሉ አንብቤያለሁ፣ ሴንሰሩ ነው እንዴ የሞተው? ስነዳ ደግሞ የተጠየቀው 210፣ የተገኘው 150፣ ሶሌኖይዱ 92 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ላይቭ_ዳታ_ብቻ፦
79 ጤነኛ ነው። 100 የሚሉት ባህር ወለል ላይ ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ይወርዳል፣ 2000 ሜትር ላይ 80 ገደማ ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱ መስማማታቸው ነው።
ወደ ዋናው ስንመጣ፣ 210 ጠይቆ 150 አገኘ፣ ትዕዛዙ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። ማለትም ኮምፒውተሩ ክንፎቹን ዝጉ ዝጉ እያለ ይጮሃል ሰሚ የለም። ወይ ቫኪዩሙ አክቹዌተሩ (ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው) ጋ አይደርስም፣ ወይ ደርሶ ክንፎቹ እምቢ ብለዋል፣ ወይ ደግሞ ቱርቦው ስራውን እየሰራ አየሩ መንገድ ላይ ያመልጣል። ይሄ ዓይነት ቱርቦ ቫኪዩም ሲያጣ ክንፎቹ ክፍት ነው የሚቀሩት፣ ከታች ሙት ናት ያልከውም ከዚህ ጋር ይሄዳል።
ቀላሉን አስቀድም። ከአክቹዌተሩ ላይ ቀጭኗን ጎማ ንቀልና የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ግጠም፣ ቀስ እያልክ ሳብ፣ የአክቹዌተሩ ዘንግ ሳትደናቀፍ 1 ሴንቲሜትር ገደማ መሄድ አለባት፣ ስታቆም ደግሞ ጌጁ ባለበት መቆየት አለበት። ከወረደ አክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ከዛ ጌጁን ከሞተሩ ቫኪዩም ፓምፕ በሚመጣው መስመር ላይ ግጠመውና በሚኒሞ እየው። ማስታወሻ፦ የከባቢ አየርህ 79 ከሆነ ቫኪዩምህ መቼም ከዛ አይበልጥም፣ ማኑዋሉ 0.9 ባር ስላለ ፓምፑ ሞቷል ብለህ እንዳትቀይር፣ ይሄን ስህተት ራሴ ሰርቻለሁ።

ቁልፍ_13፦
የኔን ልጨምር። የኔዋ ላይ ተመሳሳይ ኮድ ነበር፣ ቱቦዎቹን በዓይን አይቼ በእጄ ዳስሼ ምንም አላገኘሁም፣ ሁለት ጋራዥ ቀዳዳ ለመፈለግ ጭስ ነፍተውባት ምንም አልተገኘም። ለካ ከኢንተርኩለር የሚወጣው ቱቦ ፋሼታው ስር ጥፍር የምታክል ስንጥቅ አለችው፣ በሚኒሞ ዝግ ናት፣ ግፊት ሲመጣ ብቻ ነው አፏን የምትከፍተው። የጭስ ማሽኑ ግፊት ደካማ ስለሆነ አላሳየም።
እኔ ያገኘኋት በአየር ነው። ከፊልትሮ ሳጥን የሚመጣውን ቱቦ ፈትቼ የቱርቦውን አፍ በክዳን አሰርኩት፣ ክዳኑ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ አለ፣ ቀስ ብዬ እስከ 1 ባር ነፍቼ ሳሙና ውሃ ረጨሁ፣ ወዲያው አረፋ በአረፋ ሆነ። የዘይት ክዳኑን ፍቱት ምክንያቱም ትንሽ አየር በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ክዳኑ ፊት ለፊት ደግሞ አትቁሙ፣ የኔ አንዴ ተፈናጥሮ ኮፈኑን ጎድጉዶታል፣ እስካሁን ጎድጓዳው አለ።

ዳዶ_ፈቺ፦
ይሄን ሁሉ ከምታደርጉ ሰውየው እስካሁን ቀይሮ እየነዳ ነበር ሃሃሃ

አቀበት_አልወድም፦
ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኮፈን ስር ነኝ። የቁልፍ_13ን የአየር ነገር ሞከርኩ፣ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው ምንም አረፋ የለም። ቫኪዩሙ ግን!! ከሶሌኖይዱ ወደ አክቹዌተሩ የምትሄደው ቀጭን ጎማ ሞተሩ ላይ ተኝታ ከስር በኩል በሙቀት ተሰንጥቃለች፣ ከላይ ስታያት አዲስ ናት፣ ገልብጬ ባላጥፋት አላያትም ነበር። ቀየርኳት። አሁን ከ150 ወደ 190 ገደማ ደርሷል፣ ከታችም ነፍስ ዘርታለች፣ ግን ለመድረስ ትዘገያለች። በእጅ ፓምፑ ስሞክር ዘንጓ ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ትይዝና ድንገት ዘለል ትላለች፣ ስትመለስም እንደዛው።
ሰማያዊው ጭስ ደግሞ ንክች አላለም፣ እንደነበረ ነው።

ላይቭ_ዳታ_ብቻ፦
ዘለል ካለች ጥላሸት ነው፣ ክንፎቹን የሚያዞረው ቀለበት ላይ ተጋግሯል። ቫኪዩም አጥተው ለወራት አንድ ቦታ ስለቆዩ አይገርምም። ሳይፈታ አረፋ እየረጩ የሚያጸዱ አሉ፣ አንዳንዴ ይሰራል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ የተፈረፈረው ጥላሸት የት እንደሚሄድ አታይም።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
ልጄ ሁለት በሽታ ነው ያለህ፣ አንድ አድርገህ አትያቸው። አንዱ የጉልበቱ ነው፣ እሱ መንገድ ይዟል። ዘይቱ ሌላ ነው፣ እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩህም ለዚህ ነበር።
ሰው ቱርቦ ውስጥ እንደ ካምቢዮ ላይ የጎማ ማኅተም ያለ ይመስለዋል። የለም። ያለው እንደ ፒስተን ቀለበት ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው፣ እሱም ዘይት ለማቆም ብቻውን አይበቃም። ዘይቱን ውስጥ የሚያቆየው ከሁለቱ ፋኖች በኩል ያለው ግፊት መብለጡና ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሮጦ መውረዱ ነው። ዘይት የሚያመጣው ቱቦ ቀጭን ሆኖ የሚመልሰው ወፍራም የሆነው ለምን ይመስልሃል? ሲገባ በፓምፕ ተገፍቶ ነው፣ ሲወጣ ግን አረፋ ሆኖ ማንም ሳይገፋው ነው የሚወርደው። መመለሻው ትንሽ ከጠበበ ዘይቱ ቱርቦው ሆድ ውስጥ ይሞላና በቀለበቱ ሾልኮ ይወጣል፣ አዲስ ቱርቦ ብትገጥምም ያው ነው በመጀመሪያው ቀን ያጨሳል። የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነም ውጤቱ አንድ ነው፣ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ግፊት ስለሚኖር ዘይቱ መውረጃ ያጣል።
ለክንፎቹ ስትል ማውረድህ ካልቀረ መመለሻውን ቱቦ ፍታና ወደ ብርሃን ይዘህ እየው። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ሞተሩ በሚኒሞ እያለ የዘይት ክዳኑን ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፣ አንስቶ ከወረወረው ግን መተንፈሻው ወይ የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው።

አቀበት_አልወድም፦
ጋሼ ክዳኑን ሞከርኩት፣ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ አይነሳም። ቅዳሜ አወርደዋለሁ። ስፈታው ምን ልጠንቀቅ?

ላይቭ_ዳታ_ብቻ፦
ከጭስ ማውጫው በኩል ያሉትን ብሎኖች ቀድመህ አንድ ቀን ሙሉ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አጠጣቸው፣ ትዕግስት ከሌለህ ሳይፈቱ ነው የሚሰበሩት። የጭሱን ቤት ከመሃሉ ከመለየትህ በፊት በሹል ነገር ምልክት ጭረህ አልፍ፣ ስትገጥም በዛው ቦታ ይመለስ። ከዘንጓ አጠገብ ክንፎቹ የሚቆሙበትን የምትወስን ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷን እንዳትነካት!! ፋብሪካ ላይ በማሽን የአየር መጠን እየተለካ ነው የምትስተካከለው፣ በዓይን አትመልሳትም። ፋኑን በአየር ሽጉጥ እየነፋህ አታሽከርክረው፣ ድምፁ ደስ ይላል አውቃለሁ፣ ግን ዘይት በሌለበት ነው የምታሽከረክረው። የመሃሉን ክፍል ራሱን አትፍታው፣ ባላንስ አለው።

አቀበት_አልወድም፦
አወረድኩት። ፎቶ ለመለጠፍ እየሞከርኩ እምቢ አለኝ በቃል ልንገራችሁ።
ክንፎቹ ጥቁር በጥቁር ናቸው፣ ቀለበቱ በእጅ አይዞርም ነበር፣ ናፍጣ ውስጥ አሳድሬ በናስ ብሩሽ ፈትጌ አሁን በአንድ ጣት ይዞራል። ይሄ አልገረመኝም።
የገረመኝ መመለሻው ነው። ጋሼ እጅዎ ይባረክ!! የቱቦው አፍ ላይ፣ ከቱርቦው ጋር በሚገናኝበት፣ ጋስኬቱ ላይ ቀይ ሲሊኮን ቀብተውበታል፣ ሲያጠብቁት ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ እንደ ትል ተጠቅልሎ ቀርቷል። ቀዳዳው ከግማሽ በላይ ተዘግቷል። በፒንሳ ሳወጣው የትንሿን ጣቴን ያህል ነው። ያ ሁሉ ወር ሳጨስ የነበረው በዚህ ነው ማለት ነው???

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
በዚሁ ነው። የዘይት መንገድ ላይ ሲሊኮን አይቀባም፣ ጋስኬቱ ደረቅ ነው የሚገባው። ባይዘጋው እንኳ ቁራጩ ይነቀልና ሌላ ቦታ ሄዶ ይደፍናል። አሁን ኮፓውን አውርድና የመምጠጫውን ወንፊት እይ፣ እዛም ሊኖር ይችላል። ዘይት የሚያመጣውን ቀጭኑን ቱቦ ግን አጥበህ አትመልሰው፣ ቀይረው። ውስጡ በሙቀት የተጋገረ ከሰል ይኖራል፣ ታጥቦ አይወጣም። መግቢያው ላይ ያለው ቀዳዳ ብሎን ትንሽ ወንፊት ካለው እሱንም አትርሳ።

ቁልፍ_13፦
ከመግጠምህ በፊት ኢንተርኩለሩን አውርደህ አፍስሰው በናት። 8 ወር ዘይት ሲጠጣ ነበር። ናፍጣ ሞተር የሞተር ዘይትንም እንደ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ግፊቱ ድሮ ከነበረው ሲጨምር እዛ የተኛው ዘይት በአንዴ ተነስቶ ከገባ ሞተሩ በራሱ መሮጥ ይጀምራል፣ ቁልፍ ብታጠፋም አይጠፋም። አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ ድምፁን አልረሳውም። ካጋጠመህ ማኑዋል ስለሆነች ፍሬኑን አጥብቀህ ረግጠህ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ታፍና ትጠፋለች። የአየር መግቢያውን በእጅህ ለመድፈን እንዳትሞክር፣ ጣውላ ወይ ወፍራም ነገር ነው የሚደፈንበት፣ እሱም ቶሎ ከደረስክ ነው፣ ካልሆነ ከመኪናው ራቅ።

አቀበት_አልወድም፦
ኢንተርኩለሩን ገለበጥኩት፣ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ዘይት ወጣ። ወንፊቱ ላይም ሁለት ቀይ ቁራጭ አግኝቻለሁ። ነገ እገጥማለሁ፣ ሲነሳ በቀጥታ ላስነሳው?

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
በቀጥታ አይደለም። አዲስ ዘይትና አዲስ የዘይት ፊልትሮ አድርግ። ቀጭኑን ቱቦ ከማሰርህ በፊት በመርፌ ንጹህ ዘይት ቱርቦው ቀዳዳ ውስጥ ጨምርና ፋኑን በእጅህ ጥቂት አዙረው። ከዛ ነዳጅ የሚረጩትን የኢኒየቶሪዎቹን ሶኬት ነቅለህ ሳይነሳ በሞተሪኖ አዙረው፣ ከ10 ሰከንድ በላይ አታቆይ፣ አሳርፈህ ድገም፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ከተነሳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፣ እንዳትረግጥ። መጀመሪያ ታጨሳለች፣ አትደንግጥ፣ ማርሚታው ውስጥ የተኛው ዘይት እስኪቃጠል ነው።

አቀበት_አልወድም፦
ይቅርታ ጠፋሁ፣ እርግጠኛ ሳልሆን መጻፍ አልፈለግኩም። 1200 ኪሎሜትር ነዳኋት። የመጀመሪያው ቀን እንዳሉት አጨሰች ሰፈሩን አለበስኩት፣ 40 ኪሎሜትር ገደማ ስሄድ ቆመ። ጠዋትም የለም። 210 ሲጠየቅ 207 ያገኛል፣ ሶሌኖይዱ 60 ዎቹ ውስጥ ይጫወታል። ዘይቱን በየሳምንቱ አያለሁ፣ መለኪያው ላይ ፈቀቅ ያለ አይመስልም። ያው የዛሬ 8 ወር የተገጠመው ቱርቦ ነው፣ ምንም አልሆነም ነበር።
ከዛ በፊት የነበረው ኦሪጅናሉስ? እሱም በዛች ቀጭን ጎማ ምክንያት ይሆን የተጣለው እያልኩ ነው።

ላይቭ_ዳታ_ብቻ፦
እሱን አታስበው እንቅልፍ ይነሳሃል። ጎማዋን ግን ከሞተሩ ብረት አርቀህ እሰራት።

ዳዶ_ፈቺ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ጋሼ እዚሁ ልጠይቅዎት፣ የኔዋ ከሳምንት ወዲህ ስረግጥ እንደ አምቡላንስ ትጮሃለች፣ ፊሽካ ሳይሆን ሲረን ነገር፣ ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይቀጥናል። ጉልበቷ ብዙም አልቀነሰም። ይሄም የቫኪዩም ጎማ ይሆን?

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
አይደለም። አሁኑኑ አቁማትና ቱቦውን ፈትተህ ፋኑን እይ። በዛሬው ቀን አትንዳት።

ዳዶ_ፈቺ፦
ፈታሁት። የፋኑ ክንፎች ፊታቸው ተበልቶ እንደ መጋዝ ሆኗል፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጪም ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተፋቀ ምልክት አለ።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦
የፊልትሮ ሳጥኑን እይ። ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ወይ ቱቦው ተቀዶ አቧራ ሲጠጣ ነው የከረመው። እሱን መጀመሪያ አስተካክል፣ ኢንተርኩለሩንም አጥበው የብረት ብናኝ ይኖራል።
ከዛ ያንተን ቀይረው።

ዳዶ_ፈቺ፦
😂😂 የፊልትሮ ሳጥኑ አንዱ መቆለፊያ የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።